የአምስት ፓውንድ ሚልክሼክ እና አጃቢዎቹ

እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 2019፣ የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ሊካሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት እንድትወጣ የሚታገለው የብሬክዚት ፓርቲ መሪ ናይጄል ፋራጅ በሰሜን እንግሊዝ ኒውካስል ከተማ መሀል በእግራቸው እየተዘዋወሩ ቅስቀሳ ላይ ነበሩ። የገበያ መንደር ነው፤ ሰው በሰው ላይ ነው። አንድ የ32 ዓመት ሰው ፋይቭ ጋይዝ ከተባለው የበርገር ቤት በ5 ፓውንድ ከ25 ሳንቲም የገዛውን የሙዝና የጨዋማ ካራሜል ሚልክሼክ (ወፍራም የወተትና አይስክሬም መጠጥ) ይዞ ቀረበና ደረታቸው ላይ ደፋባቸው። ሙሉ ልብሳቸው በነጭ ፈሳሽ ተጥለቀለቀ፣ ኮሌታቸው ላይ የተሰካው ማይክሮፎንም ተበላሸ። ፋራጅ ከቦታው እየተወሰዱ ሳለ ንዴታቸውን ያወጡት በወርዋሪው ላይ ሳይሆን በአጃቢዎቻቸው ላይ ነበር። ሙሉ በሙሉ ከሽፋችኋል፣ ይህ እኮ ከሩቅ የሚታይ ነበር የሚል ወቀሳቸው በካሜራ ተቀርጾ አገር ሰማው።

ያን ቀን ማታ የእንግሊዝ ሕዝብ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ሳቀ። እንቁላልና የበሰበሰ ቲማቲም በፖለቲከኛ ላይ መወርወር በዚያ አገር የቆየ ነው፤ በ2001 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆን ፕሬስኮት ዌልስ ውስጥ እንቁላል ሲወረወርባቸው ዞረው ወርዋሪውን በቡጢ መትተውታል፣ ያም ለዓመታት ሲያስቅ ኖሯል። ሌላው ወገን ግን መሳቅ አልቻለም። የፓርላማ አባሏ ጆ ኮክስ በምርጫ ክልላቸው መንገድ ላይ የተገደሉት ገና በጁን 2016 ነበር። ባለቤታቸው ብሬንደን ኮክስ የፋራጅ ደጋፊ አይደሉም፤ ሆኖም ዕቃ መወርወር ጥቃትንና ማስፈራራትን የተለመደ ነገር ያደርገዋል ብለው ድርጊቱን በግልጽ ነቀፉ። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ስማቸው ያልተነሳ ሰዎች አሉ፤ ከፖለቲከኛው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመው ደመወዝ የሚከፈላቸው። ጉዳዩ የሥራ ጉዳይ የሆነው ለእነሱ ነው፤ ትምህርቱም ያለው እዚያ ነው።

በእርግጥ ከሩቅ የሚታይ ነበር? በከፊል አዎ። ኒውካስል የመጀመሪያው አልነበረም። በዚያው ወር መጀመሪያ የቀኝ አክራሪው ቶሚ ሮቢንሰን በሁለት ከተሞች ሚልክሼክ ተደፍቶበታል፣ የዩኪፕ (ሌላው የአውሮፓ ኅብረት ተቃዋሚ ፓርቲ) ዕጩ የነበረው ካርል ቤንጃሚንም በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ደጋግሞ ደርሶበታል። ነገሩ እየተዛመተ እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ወርዋሪው ኩባያውን የገዛው ሊጠጣው እንደነበረና ፋራጅ ከተማ ውስጥ መሆናቸውን እንኳ አስቀድሞ እንደማያውቅ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ሳይታቀድ የመጣን ነገር በስለላ አይደርሱበትም። ስለዚህ የሚቀረው አንድ መንገድ እጅ ማየት ነው።

አዲስ አጃቢ ፊት ነው የሚያየው፤ የተቆጣ ሰው ይፈልጋል። ወርዋሪ ግን ብዙ ጊዜ ፈገግ ብሎ ነው የሚቀርበው። ዓይን ከሰውየው ወገብ እስከ ትከሻ ባለው ላይ መዋል አለበት። መጠጡን ሊጠጣ የያዘ ሰው ክዳኑን አያነሳም፣ መምጠጫውም እንደተሰካ ነው፤ ኩባያውንም ወደ አፉ አስጠግቶ ይይዘዋል። ሊወረውር የያዘ ሰው ክዳኑን አስቀድሞ ያነሳል፣ ምክንያቱም ተከድኖ ቢወረወር ኩባያው ነጥሮ ይወድቃል እንጂ አይፈስም። ክዳን የሌለው ሙሉ ኩባያ፣ ከደረት ዝቅ ብሎ የተያዘ፣ ክርኑ ወደ ኋላ የተሳበ ክንድ፦ ከነዚህ ሁለቱ ከታዩ ጊዜ የለም።

ጊዜ የለም ሲባል የቁጥር ነገር ነው። ከሦስት ሜትር ላይ በሴኮንድ ስምንት ሜትር ያህል የተወረወረ ፈሳሽ አራት አሥረኛ ሴኮንድ በማይሞላ ጊዜ ይደርሳል። ሰው አይቶ፣ ተረድቶ፣ እግሩን እስኪያነሳ ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ፈሳሹ ከኩባያው ከወጣ በኋላ የሚያስቆመው አጃቢ የለም። ሚልክሼክ ወፍራም በመሆኑ እንደ ውሃ አየር ላይ አይበተንም፤ አብዛኛው አንድ ላይ ሄዶ ያርፋል። በ2019 ወርዋሪዎች የመረጡትም ለዚህ ይመስለኛል፤ ርካሽ ነው፣ ይጣበቃል፣ በፎቶም ላይ ጎልቶ ይታያል። አጃቢው ማድረግ የሚችለው ከውርወራው በፊት ባለው አንድ እርምጃ ውስጥ ገብቶ በኩባያውና በፖለቲከኛው መካከል መቆም ብቻ ነው። ይህ ማለት ልብሱ ይበላሻል ማለት ነው፤ ሥራው ያ ነው።

ብዙ ቡድን የሚሳሳተው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። ፖለቲከኛው ለሰልፊ ይቆማል። ፎቶ የሚፈልገው ሰው በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው መጠጥ ይዟል፤ ቀርቦ ትከሻ ለትከሻ ይቆማል። ይህን ሰው ገፍቶ ማስወጣት ምርጫ ለሚወዳደር ሰው ኪሳራ ነው፤ ደጋፊ ሊሆን ይችላልና። መፍትሔው ቀላል ነው፦ «ፎቶው በደንብ እንዲወጣ ኩባያውን ልያዝልዎት» ማለት። ቅን ሰው አመስግኖ ይሰጣል። አልሰጥም ያለ ሰው ራሱን አሳወቀ፤ ያኔ አጃቢው ትከሻውን በመካከል ያስገባል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቡድኑ ሁሉ ቢያጠናው ከብዙ መሣሪያ ይሻላል። በለንደን በጥበቃ ሥራ የተሰማራ አበሻ ብርቅ አይደለም፤ ለሰላምታና ለትሕትና ያለን ቦታ እዚህ ላይ በቀጥታ ለሥራ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ስህተት ከተወረወረ በኋላ የሚመጣ ነው። ሁለት ሦስት አጃቢ ተከትሎ ወርዋሪውን ይይዛል፣ ፖለቲከኛው ብቻውን ይቀራል። የመጀመሪያው ኩባያ ትኩረት ለመሳብ ቢሆንስ? ከአጃቢዎቹ ለፖለቲከኛው ቅርብ የሆነው እሱን ይሸፍናል፣ ሌላው መንገድ ይከፍታል፣ ወርዋሪውን መያዝ የሦስተኛው ወይም የፖሊስ ሥራ ነው። መኪናው ደግሞ ሞተሩ ተነስቶ፣ በሩ ወደ መውጫው ዞሮ፣ ከሃምሳ ሜትር ባልራቀ ቦታ ካልቆመ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ከላይ ክፍት የሆነ አውቶቡስ ከፍታ ስለሚሰጥ ይሻላል የሚሉ አሉ። በጁን 2024 በሰሜን እንግሊዟ ባርንስሊ ፋራጅ እንዲህ ባለ አውቶቡስ ላይ ሆነው ዕቃ ተወረወረባቸው፤ አልመታቸውም እንጂ ከዚያ ላይ ሮጦ ማምለጥ ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ ሳቅን የማልቀበልበት ምክንያት ይመጣል። ወተት መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። ፈሳሹ ባረፈበት ቅጽበት ማንም አያውቅም። በ2017 በለንደን በአሲድ የተጠቁ ሰዎች በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ፈሳሽ ፊት ላይ ሲያርፍ አጃቢ መጀመሪያ የሚያስበው ያንን ነው፣ ማሰብም አለበት። ምንነቱ እስኪታወቅ ድረስ እንደ አሲድ ይያዛል። ያቃጥልዎታል ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ሽታውን ማስተዋል፣ በጓንት ልብሱን ማውለቅ። ሸሚዝ በጭንቅላት በኩል አይወልቅም፤ ፈሳሹን ወደ ዓይን ያመጣዋልና በመቀስ ተቀዶ ይነሳል። በጨርቅ ወይም በሶፍት መጥረግ ትልቁ ጥፋት ነው፤ ማሸት ፈሳሹን ያሰፋዋል። ውሃ ብቻ፣ ብዙ ውሃ፣ ሳያቋርጥ ቢያንስ 20 ደቂቃ፣ ወደ ብሪታንያ የአደጋ ጊዜ ስልክ 999 እየተደወለ። መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ሁለት ሊትር ውሃ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚበቃው፤ ስለዚህ ቅኝት ሲደረግ የቧንቧ ውሃ ያለበት ሱቅ ወይም ምግብ ቤት አስቀድሞ ይታወቅ። ትኩስ ቡና ከሆነም ሕክምናው ያው የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ሚልክሼክ ሆኖ እንኳ ፖለቲከኛው ለወተት ወይም ለለውዝ አለርጂ ካለበት ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ ይህ በቡድኑ የሕክምና ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት።

የሻጮቹም የሥራ ገጠመኝ አለ። ከኒውካስል ሦስት ቀን በፊት፣ ፋራጅ በስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤድንብራ ስብሰባ በነበራቸው ምሽት፣ በአቅራቢያው የነበረ ማክዶናልድስ ፖሊስ ስለጠየቀው ሚልክሼክና አይስክሬም እንደማይሸጥ በር ላይ ለጠፈ። በማግስቱ ተፎካካሪው በርገር ኪንግ በትዊተር ለስኮትላንድ ሕዝብ ሚልክሼክ ቅዳሜና እሁዱን ሁሉ እንደሚሸጥ አስታውቆ መልካም ጊዜ ተመኘ። ብዙ ሰው ሳቀለት። 24 አቤቱታም ቀረበበት፤ የአገሪቱ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ በኦክቶበር 2019 ማስታወቂያው ፀረ ማኅበራዊ ድርጊትን ሊያበረታታ የሚችል ኃላፊነት የጎደለው ነው ብሎ ዳግም እንዳይወጣ አገደው። የማክዶናልድሱ ውሳኔ ትክክል ነበር፤ በተለይ ምክንያቱን በግልጽ መጻፉ። ካልተጻፈ ለምን አትሸጡም የሚለውን ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ የሚመልሰው ሒሳብ ተቀባዩ ወጣት ነው። ሠራተኛው የደንበኛውን ፖለቲካ ገምቶ ለዚህ እሸጣለሁ፣ ለዚያ አልሸጥም እንዲል መተው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ወይ ለሁሉም፣ ወይ ለማንም።

ወሬም ጉዳት ያመጣል። በዚያው ዓመት ጁን መጨረሻ በአሜሪካ ፖርትላንድ በነበረ ሰልፍ ላይ፣ ሚልክሼክ ውስጥ ቶሎ የሚደርቅ ሲሚንቶ ተጨምሯል የሚል መረጃ ደርሶናል ብሎ ፖሊስ በትዊተር ጻፈ። ማስረጃ አልተገኘም፤ ወሬው ግን አገር ለአገር ዞረ።

ሕጉ ከሕዝቡ ስሜት ይልቅ ረጋ ያለ ነው። በእንግሊዝ ሕግ ለጥቃት ወንጀል ቁስል አያስፈልግም፤ ያለፈቃድ በፈሳሽ መንካት ይበቃል። የኒውካስሉ ሰው ጥፋቱን አምኖ 150 ሰዓት ያለ ክፍያ እንዲሠራና 350 ፓውንድ ካሳ እንዲከፍል ተፈረደበት፤ ሥራውንም አጣ። በጁን 2019 ፍሎሪዳ ውስጥ በኮንግረስ አባሉ ማት ጌትዝ ላይ መጠጥ የወረወረች ሴት ግን 15 ቀን እስር ተፈረደባት፤ በአሜሪካ የኮንግረስ አባልን ማጥቃት የፌዴራል ወንጀል ነውና። በ2024 ጁን ክላክተን ላይ ፋራጅ ከመጠጥ ቤት ሲወጡ የማክዶናልድስ ሚልክሼክ የደፋችባቸው የ25 ዓመት ሴት በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር የ13 ሳምንት እስር በገደብ፣ 120 ሰዓት ሥራና 150 ፓውንድ ካሳ ተወሰነባት። ፋራጅ ቅጣቱ አነሰ አሉ። በኒውካስሉና በክላክተኑ ክስተት መካከል፣ በ2021፣ የፓርላማ አባሉ ዴቪድ አሜስ ክላክተን በምትገኝበት በኤሴክስ አውራጃ ውስጥ ከመራጮቻቸው ጋር በነበሩበት ተገድለዋል። ፍርድ ቤት ሚልክሼክን ከቢላ ጋር አላስተካከለም፣ ማስተካከልም አይገባም። በኩባያው ፊት የቆመው ሰው ግን ይህን ልዩነት የሚለይበት ጊዜ አልተሰጠውም።

በክላክተኑ ፍርድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቁጥር አለች፦ 17 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም። የአጃቢው ጃኬት ማጽጃ ናት። እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚጠየቀው ጉዳቱ ተመዝግቦ፣ ደረሰኙ ተይዞ ሲቀርብ ነው፤ ብዙ ጥበቃ ግን ማታ ቤቱ ገብቶ ልብሱን ያጥባል። አይታጠብ። ሳይታጠብ ፎቶ ይነሳ፣ በወረቀት ከረጢት ይግባ፤ ላስቲክ ውስጥ እርጥብ ልብስ ይሻግታል። ኩባያውም ከመንገዱ ተነስቶ ለፖሊስ ይሰጥ። እያንዳንዱ አጃቢ የት ቆሞ እንደነበር፣ ኩባያውን መቼ እንዳየ፣ ክዳን ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለውን ለየብቻው በራሱ ቃል ይጻፍ፤ ይህም ቪዲዮውን ከማየቱ በፊት ነው። ቪዲዮ ካየ በኋላ የሚጻፈው የካሜራው ምስክርነት እንጂ የእሱ አይደለም፤ የተከላካይ ጠበቃም ይህን ለይቶ ይጠይቃል።