የሠላሳ አንድ ቀን ቦርሳ

ቅዳሜ ማታ ነው። ቁም ሳጥኑን ላስተካክል ብዬ ወንበር ላይ ወጥቼ የላይኛውን መደርደሪያ ስጎረጉር ያቺ ጥቁር ቦርሳ ከነጨርቅ ከረጢቷ ትከሻዬ ላይ ወደቀች። ባዶዋን እንኳን ከባድ ናት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ከከረጢቷ አወጣኋት። ቆዳዋ አሁንም ደህና ነው። የእጀታዋ ጠርዝ ላይ የተቀባው ቀለም ግን እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ ጣቴን ሳሳልፍበት ጥቁር ፍርፋሪ ያዘኝ። ፊት ለፊቷ ላይ የመዳፌን ግማሽ የሚያህል የብረት ፊደል አለ። ያኔ ከሩቅ ያበራ ነበር፤ አሁን ደብዝዟል።

ከዚያ ደብተሩን ፈለግሁ። ከመጀመሪያ ሥራዬ ጀምሮ ወጪዬን የምጽፍበት ደብተር ነው። አንድ ልማድ አለኝ፤ ለራሴ የምገዛውን ነገር ዋጋ በቀን ደሞዜ አካፍዬ ስንት የሥራ ቀን እንደሆነ ከጎኑ አሰፍራለሁ። የገንዘቡ ቁጥር ብዙም አያስደነግጠኝም። ቀኑን ስቆጥር ግን ተነስቼ የሄድኩባቸው ጠዋቶች አንድ በአንድ ይመጡብኛል።

ቦርሳዋ 31 ቀን ናት። በወር 22 ቀን ነበር የምሠራው፤ ስለዚህ አንድ ወር ከሁለት ሳምንት ገደማ ሳልበላ፣ የቤት ኪራይ ሳልከፍል፣ ታክሲ ሳልሳፈር ሠርቼ ነው ማለት ነው። በሕይወቴ ትንሹን ደሞዝ በማገኝበት ጊዜ ከሁሉም የሚበልጠውን ዕቃ ገዛሁ። ገጾቹን ወደ ፊት ገለጥኩ። ደሞዜ እጥፍ ሲሆን አንድ ካፖርት፣ 9 ቀን። ቀጥሎ መነጽር፣ 3 ቀን። ከዚያ በጣም ጥሩ ይከፈለኝ በነበረበት ወቅት ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም የለም።

እኔ የምጠብቀው ተቃራኒውን ነበር። ገቢ ሲጨምር የብራንድ ልብስ ይጨምራል፣ አለቀ። ትምህርት ቤት የተማርነውም ይኸንኑ ነው። ኤርንስት ኤንግል የሚባል ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1857 የቤልጂየም ሠራተኛ ቤተሰቦችን ወጪ መርምሮ፣ ቤተሰቡ በደኸየ ቁጥር ከገቢው ለምግብ የሚያውለው ድርሻ እንደሚበዛ ጻፈ። የቅንጦት ዕቃ የዚህ ግልባጭ ነው። ኢኮኖሚስቶች አንድን ነገር ቅንጦት የሚሉት ገቢ 10 በመቶ ሲያድግ ለእሱ የሚወጣው ገንዘብ ከ10 በመቶ በላይ ሲያድግ ነው። ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲደመር ይህ እውነት ነው። የእኔ ደብተር ግን የአንዲት ሴት ደብተር ነው፤ እሷ ደግሞ በትንሹ ደሞዝ ትልቁን ገዝታለች።

ለምን? ያንን ዓመት ሳስብ መጀመሪያ የሚታየኝ የስብሰባ ክፍሉ ጠረጴዛ ነው። ሴቶቹ ሲገቡ ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉና ሎጎው ወደ ውጭ እንዲሆን በእጃቸው ጫፍ ያዞሩታል። ሆን ብለው እንዳልሆነ አምናለሁ፤ እጃቸው ለምዶታል። የእኔ የሸራ ቦርሳ ግን ከጠረጴዛው ሥር በሁለት እግሮቼ መሃል ትቀመጥ ነበር። ማንም ምንም አላለኝም። አንድ ቀን ብቻ አንዷ እስክሪብቶ ስትፈልግ አጎንብሼ ከሥር ሳወጣላት ዓይኗ ቦርሳዬ ላይ ትንሽ ቆየ። ደግሞም ፈገግ ብላ አመሰገነችኝ። ያ ፈገግታ ነው 31 ቀን ያስወጣኝ።

ጄምስ ዱዘንቤሪ የሚባለው አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1949 ያቀረበው ሐሳብ አለ፤ ሰው የሚያወጣው ባለው ገቢ ልክ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ካሉት ሰዎች ጋር ራሱን እያስተያየ ነው ይላል። ይህን ሳነብ ሳቅሁ፤ እናቴ ይህንኑ በአንድ ትንፋሽ ብላኝ ነበርና። ቦርሳዋን በገዛሁ ሰሞን ዋጋዋን ስትጠይቀኝ ግማሹን ብቻ ነገርኳት። ግማሹም በዝቶባት፣ «ልጄ፣ እንደ ቤትሽ ኑሪ እንጂ እንደ ጎረቤትሽ አትኑሪ» አለችኝ። ያኔ ጎረቤቴ ማን እንደሆነ አልገባኝም። ጎረቤቶቼ እነዚያ ሴቶች ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር በቀን ስምንት ሰዓት እየዋልኩ እንዴት እንደ ቤቴ ልኑር?

ሌላም አለ፤ ይሄኛው የበለጠ ያሳፍረኛል። የገዛሁት በነበረኝ ገንዘብ አልነበረም። «ከሙከራ ጊዜ በኋላ ደሞዝሽ ይስተካከላል» ተብዬ ነበር። እኔም በልቤ አስተካክዬ ጨረስኩ። ሌላው አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1957 እንዳስረዳው፣ ሰው የሚያወጣው በዚህ ወር በገባው ገንዘብ ሳይሆን ለረጅም ጊዜ አገኛለሁ ብሎ በሚጠብቀው ገቢ መጠን ነው። በእኛ ቋንቋ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ቦርሳዋን በስድስት ወር ክፍያ ወሰድኳት። ጭማሪው በስምንተኛው ወር መጣ። በመሃል ያለፉትን ወራት ደብተሩ በደንብ ይዟቸዋል፤ እዚህ አልዘረዝራቸውም።

ስለ ብረቱ ፊደልም ልናገር። ደሞዜ ሲያድግና ከላይኞቹ ጋር መቀመጥ ስጀምር አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ከሁሉም በላይ የሚከፈላቸው ሴቶች ቦርሳ ላይ ምንም አልተጻፈም። ውድ መሆኑ የሚታወቀው በስፌቱ፣ በቆዳው አስተጣጠፍ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ድምፅ ባለማሰማቱ ነው። በኋላ እንዳነበብኩት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የገበያ ጥናት በአንድ ብራንድ ውስጥ እንኳን ሎጎው እየጎላ ሲሄድ ዋጋው እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። ባለብዙ ገንዘቧ ለሚያውቁት ብቻ ነው የምትናገረው። እኔ ግን ለማያውቁትም ጭምር እየጮህኩ ነበር። አሁን ፊደሉን ሳየው ድምፄን የምሰማ ይመስለኛል።

ሥራ ያጣሁበት ዓመት ገጽ ላይ ደግሞ አንዲት ሊፕስቲክ አለች፣ የታወቀ ፋሽን ቤት ስም ያለባት። የመዋቢያ ዕቃ አምራቹ የኤስቴ ሎደር ኩባንያ ሊቀመንበር የነበሩት ሌናርድ ሎደር እ.ኤ.አ. በ2001 ኢኮኖሚው ሲዳከም የሊፕስቲክ ሽያጭ እንደሚያድግ ተናግረው ነበር፤ ቀሚሱን ያልቻለች ሴት ከንፈሯን ትቀባለች እንደማለት። ከዚያ ወዲህ የመጡት ቀውሶች ሁሉ ይህን ደግፈዋል ማለት አይቻልም፤ እኔን ግን በደንብ ገልጾኛል። ከሊፕስቲኳ ጎን ያለው የቀን ቦታ ባዶ ነው። የማካፍልበት የቀን ደሞዝ አልነበረኝማ።

ታላቅ እህቴ ሁልጊዜ ከእኔ በላይ ነው የሚከፈላት፤ አንድም የብራንድ ዕቃ የላትም። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ «የእኔ ደሞዝ በእኔ በኩል ያልፋል እንጂ እኔ ጋ አያድርም» አለችኝ። ሦስት ልጆች፣ የቤት ዕዳ፣ የእናታችን መድኃኒት። ስለ ሴት ገቢና ስለ ፋሽን የሚያወራ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ ይህን ቢጠይቅ ደስ ይለኛል፤ ከገቢዋ ውስጥ ማንም ሳይጠይቃት የምታዝበት ስንቱ ነው? ደግሞም ወንድ ባልደረባዬ አንድ ዓይነት ኮት ሳምንቱን ሙሉ ሲለብስ ማንም ልብ አይልም። እኔ አንድ ቀሚስ ሁለት ቀን ከደገምኩ «ቤት አላደርሽም እንዴ?» የምትለኝ አትጠፋም። ስለዚህ ወጪው ሁሉ ቅንጦት ነው ሲሉኝ አልቀበልም፤ ከፊሉ የሥራ መሣሪያ ነበር። ምን ያህሉ እንደሆነ ብትጠይቁኝ ግን፣ ከ31 ቀን ውስጥ ምናልባት አራቱ።

ከመተኛቴ በፊት አንድ ነገር ማወቅ ፈለግሁ። ቦርሳዋ ዛሬም ትሸጣለች። ከተገዛች አሥር ዓመት ሆኗታል፤ ደሞዜ ደግሞ ሦስት እጥፍ ሆኗል። ታዲያ ዛሬ ስንት ቀን ናት? አሥር ወይም አሥራ አንድ ብዬ ገምቼ ነበር። ስልኬን ከፍቼ ዋጋዋን አየሁና አካፈልኩ። 26 ቀን። ዋጋዋ ሁለት ተኩል እጥፍ ሆኗል ለካ። ደግሜ አካፈልኩ፤ ያው 26።

ነገሩ የእሷ ብቻ አይደለም። ሻኔል የሚባለው የፈረንሳይ ፋሽን ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1955 ካወጣት ቦርሳ የመጣው የታወቀው ባለክዳን ቦርሳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 በኋላ በነበሩት አራት ዓመታት ብቻ ዋጋው ከግማሽ በላይ ጨምሯል። ቤይን የተባለው አማካሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ባወጣው ግምት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ከቅንጦት ገበያው ወጥቷል። እነዚህ እኔን የሚመስሉ ይመስለኛል፤ አንድ ዕቃ ለመግዛት ወራት የሚያጠራቅሙ። አሥር ዓመት ሙሉ ደረጃ ስወጣ ደረጃውም አብሮኝ ወደ ላይ ሲሄድ ኖሯል፤ ያተረፍኩት አምስት ቀን ነው።

ከ31 ጎን በእርሳስ 26 ብዬ ጻፍኩ። እጀታዋን ለማደስ የተጠየቅሁት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሰኞ እወስዳታለሁ። ፊደሉን ይንቀሉት አይንቀሉት ግን ገና አልወሰንኩም፤ ከነቀሉት ሁለት ቀዳዳ ይቀራል አሉኝ።