ጉልበት፣ ወጌሻና 9 ወር

«ዶክተር፣ የስፖርት ቀዶ ሐኪም ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል?» የሚሉኝ የሕክምና ተማሪዎች በዝተዋል። (ታካሚዎቼ «ሲስተር» ነው የሚሉኝ፤ ማረሙን ትቼዋለሁ።) አሜሪካ ከኮሌጅና ከሕክምና ትምህርት በኋላ 5 ዓመት የአጥንት ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስትነት ሥልጠና)፣ ከዚያ 1 ዓመት ፌሎሺፕ (በስፖርት ጉዳት ላይ ተጨማሪ ሥልጠና) ነው። እኛም ጋ መጀመሪያ የአጥንት ሐኪም ትሆናላችሁ፤ ስፖርቱ ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ፌሎሺፑን ውጭ ተምሬ ባሕር ዳር ተመለስኩ።

ዱቲ ስታድሩ የሚመጣላችሁ ግን ኳስ ተጫዋች አይደለም። ባጃጅ የተገለበጠበት፣ ከሕንፃ ግንባታ የወደቀ፣ ወጌሻ በቀርከሃ ጠፍንጎ ያሰረው ሕፃን ነው። ደሙ መዘዋወሪያ አጥቶ እጁ ከጠቆረ መቁረጥ ብቻ ነው የሚቀረው። እንዲያም ሆኖ ወጌሻን መስደብ አልወድም፤ ገጠር ውስጥ በሌሊት በር የሚከፍተው እሱ ነው። አላልቶ እንዲያስር፣ ጣት ሲቀዘቅዝ ቶሎ ወደ እኛ እንዲልክ ማሠልጠን ይሻላል።

የስፖርቱ ታካሚ ዘግይቶ ይመጣል። ጣና ዳር ሲጫወት ማንም ሳይነካው ዞር ሲል ጉልበቱ «ጧ» ብሏል፤ ማታውኑ አብጧል። ታሽቶ እብጠቱ ሲጎድል ዳነ ተባለ። ሜዳ ሲመለስ ጉልበቱ ከዳው። ይህን ሲነግረኝ ከኤምአርአይ በፊት እጄን አምናለሁ፦ ጉልበቱን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ አጥፌ፣ ጭኑን ይዤ ቅልጥሙን ወደ ፊት እስባለሁ። ገታ የሚያደርገው ነገር ከሌለ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሷል። ምርመራውን እነ ጆሴፍ ቶርግ በ1976 እ.ኤ.አ. በጆን ላክማን ስም ያሳተሙት ነው፤ ከእጅ በቀር ምንም አይጠይቅም።

ተማሪዎቹ የሚጓጉት ጉልበት ውስጥ ገብቶ ለሚያሳየው ቀጭን ካሜራ ነው። አልፈርድባቸውም፤ ጃፓናዊው ሐኪም ማሳኪ ዋታናቤ ቶኪዮ ላይ በ1962 እ.ኤ.አ. የተቀደደ ሜኒስከስ (በጉልበት አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ) በጠባብ ቀዳዳ ቆርጦ ያወጣበት ጥበብ ያስጎመዣል። ከጭን ጀርባ ጅማት ወስዶ በተበጠሰው ፈንታ መትከሉም ደስ ይላል። ግን እሱ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። የተተከለው ጅማት ሕይወት እስኪዘራ፣ ጭኑም እንደ ጤነኛው እስኪጠነክር ቢያንስ 9 ወር ከኳስ መራቅ አለ። በ4ኛው ወር አካባቢ እናትየው ልጁን ይዘው ይመጣሉ፦ «ይሄው ይሮጣል እኮ፣ ሲስተርዬ! የሰፈር ዋንጫ ደርሷል።» አያመውም፤ ጉዱ እሱ ነው።

ስለዚህ አብሮኝ ኦአር (ቀዶ ሕክምና ክፍል) መግባት ለሚፈልግ ተማሪ፣ መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሄዶ ከሰዓቱን እንዲውል እነግረዋለሁ። ብዙዎቹ አይሄዱም።