ወደ ኋላ የተመለሰው ቀስት
ዛሬ አንድ ድርጅት ለድርቅና ለጎርፍ የሚያደርገውን ዝግጅት ከሠራተኞቹ ጋር ስንመረምር ዋልን። ግድግዳው ላይ በለጠፍነው ሰፊ ወረቀት መንስኤንና ውጤትን በቀስት እያገናኘን ሳለ፣ እስከዚያ ዝም ብላ የቆየችው የሒሳብ ባለሙያ ተነሥታ «የአስቸኳይ ጊዜ ወጪ» ከሚለው ወደ «ቅድመ ዝግጅት» የሚመለስ ቀስት በቀይ እስክሪብቶ ሣለች፤ ለአስቸኳይ እርዳታ የሚወጣው ገንዘብ የመከላከያውን በጀት ስለሚበላው የሚቀጥለው ጉዳት ይብሳል፣ ወጪውም እንደገና ያድጋል ማለቷ ነበር። ክፍሎቹ ለዓመታት እርስ በርስ ሲወቃቀሱበት የኖሩት ችግር ለካ ማንም ብቻውን ያልፈጠረው አዙሪት ኖሯል።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ዶኔላ ሜዶውስ እ.ኤ.አ. በ1999 ሥርዓትን፣ ማለትም እንዲህ ክፍሎቹ እርስ በርስ የሚነካኩበትን ማንኛውንም ነገር፣ ለመለወጥ ጣልቃ የሚገባባቸውን 12 ቦታዎች በደረጃ ሲያስቀምጡ፣ ቁጥሮችን ማስተካከልን ከሁሉም ደካማው አድርገውታል፤ የሥርዓቱን ዓላማ መለወጥ ግን ከብርቱዎቹ አንዱ ነው። እኛም ከሰዓት በኋላ የተከራከርነው ድርጅቱ ስኬቱን እርዳታ ባገኙት ሰዎች ብዛት ይለካ ወይስ ከጉዳት በዳኑት በሚለው ላይ ነበር። ገና አልተስማማንም።