አልጋው የታለ?

ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ካውንቲ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የቆዩ ወረቀቶችን ስካን አደርጋለሁ። ያን ቀን የያዝነው የ1820 ሳጥን ነበር።

አንድ የታጠፈ ወረቀት እጄ ገባ። አንድ ላም ከነጥጃዋ፣ ሁለት አሳማ፣ አንድ የብረት ድስት፣ ሦስት አሮጌ ወንበር፣ አንድ መጥረቢያ። ከጎናቸው ዋጋቸው ተጽፏል።

«የሟች ንብረት ነው፤ ውርስ ሳጥን ውስጥ ክተተው» አለኝ ባልደረባዬ። በሥራው ከእኔ ብዙ ይቀድማል።

«አልጋው የታለ?» አልኩት።

«የምን አልጋ?»

«የሟች ንብረት ሲቆጠር እኮ አልጋና ፍራሽ አይቀርም።»

«ድሃ ነበራ! ከየት ያምጣ?»

ወረቀቱን ዘረጋሁት። ከጀርባው ቃለ መሐላ አለ። ከ1818 ወዲህ ንብረቴን በስጦታም በሽያጭም አላሸሸሁም ይላል። ከሥሩ የሽማግሌው ምልክት፣ የተንቀጠቀጠ ኤክስ። ሰውዬው በሕይወት ነበር!

የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ዘማች ነው። የ1818ቱ ሕግ ለተቸገሩ የአህጉራዊው ጦር (በዚያ ጦርነት እንግሊዝን የወጋው የአሜሪካ ጦር) ወታደሮች ጡረታ ፈቀደ፤ ለተራ ወታደር በወር 8 ዶላር። አመልካቹ ከታሰበው በላይ በዛ። ስለዚህ በ1820 ሌላ ሕግ ወጣ፤ ያለህን ሁሉ ፍርድ ቤት ቀርበህ አስቆጥር የሚል። ከሚቆጠረው ውጭ የተደረገው የግድ የሚያስፈልግ ልብስና መኝታ ብቻ ነው። አልጋው ያልተጻፈው ለዚህ ነው።

ለአለቃችን ነገርኩት። «ሁለቱም የንብረት ዝርዝር ነው፤ ምን ለውጥ አለው? ገጽህን ቁጠር» አለኝ።

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። በ1800 የጦር ሚኒስቴሩ ቢሮ ሲቃጠል ብዙ የወታደር መዝገብ አብሮ ነዷል። ለስንቱ ዘማች የቀረው ማስረጃ በስተርጅና በየካውንቲው ፍርድ ቤት ቆሞ የሰጠው ቃል ነው። ይሄኛው ሽማግሌ በአገሩ ሰው ፊት ድህነቱን አንድ በአንድ ቆጥሯል፤ ድስቱን ሳይቀር። እኛ ደግሞ ሞቷል ብለን ልንጽፍበት!

ወረቀቱን የጡረታ ፎልደር ውስጥ አስገባሁት። ከእኔ በፊት ስካን የተደረጉት የውርስ ሳጥኖች ግን እንዳሉ ናቸው። በምሳ ሰዓት አንድ ሁለቱን እከፍታለሁ። መጀመሪያ የምፈልገው አልጋ ነው።