የአርባው ማግስት

ቢቸና አካባቢ የአንድ ገጠር ደብር ካህን ነኝ። ራሱን ያጠፋ ልጅ ቤት መጀመሪያ ለለቅሶ የሄድኩ ቀን ነገሩን አበላሸሁት።

እናቱ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ያለው ንፍሮ አልተነካም። ለቀስተኛው "በድንገት ነው አሉ" እያለ ይንሾካሾካል። ሙሾ አውራጇ እንኳ ስሙን መጥራት ፈርታለች። እናቲቱ ቀና ብላ "አባ፣ ነፍሱ የት ናት?" አለችኝ። እኔም ቀኖና መዘርዘር ጀመርኩ። ፍትሐት ለማን ይደረጋል፣ ለማን አይደረግም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም።

የሚያሳፍረው፣ የጠቀስኩት ሕግ ራሱ ሙሉ አልነበረም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ጢሞቴዎስ ይህንኑ ተጠይቆ ነበር። ሟቹ አእምሮውን ስቶ እንደሆነ ካህኑ አጥብቆ ይመርምር ነው ያለው። እኔ ሳልመረምር ፈረድኩ። ልጁ እንቅልፍ አጥቶ፣ ከሰው ተነጥሎ እንደከረመ የሰማሁት ዘግይቶ ነው። በሙት ዓመቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። መቀመጫ ሰጠችኝ፤ መልስ አልሰጠችኝም።

ሌላ ቤት እንዲሁ ሐዘን ሲገባ መጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 2 ትዝ አለኝ። ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ተቀመጡ። የተሳሳቱት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። (በቅኔ አገር ላደገ ሰው ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የጎጃም ሰው ያውቀዋል።) ከሟቹ እህት አጠገብ ፍራሽ ላይ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሲመሽ "ጠዋት ተቆጥቼው ነበር አባ" አለች። "ያንቺ ጥፋት አይደለም" ልል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ዋጥኩት። "ምን ብለሽ?" አልኳት። ስለ አንድ የጠፋ ማጭድ ነው። ያን ማጭድ ከዚያ ወዲህ አሥር ጊዜ ሳትነግረኝ አትቀርም። አሥሩንም ሰማሁ።

ድንኳን ሲነሳ ሰው ይበተናል። አርባው ካለፈማ ማን ይመጣል? እኔ የአርባው ማግስት ሄድኩ። ቡናው እየተፈላ የፈራሁትን ጠየቅኋት፦ "ልጄ፣ አንቺስ እንደ እሱ ልሙት የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል?" ሐሳቡን እኔው እንዳላመጣባት ሰግቼ ነበር። እሷ ግን በረጅሙ ተነፈሰች። "አዎ አባ፣ ማታ ማታ።" ለአክስቷ እንድነግር ፈቀደችልኝና ያን ሌሊት ብቻዋን አላደረችም። በነጋታው ደብረ ማርቆስ ሐኪም ዘንድ አብረን ሄድን። "ጠበል የያዘ ሰው ክኒን አይነካም" ያሉ ጎረቤቶች ነበሩ። ተቆጣኋቸው። እሷ ሁለቱንም ያዘች።

ባለፈው ሰሞን ብቅ ስል ጥጃ ስታስር አገኘኋት። "የዚህችን እናት እኮ የገዛት እሱ ነው" አለችኝ፣ ስሙን ጮክ ብላ ጠርታ። "ሻጩን ግማሽ ቀን ተከራክሮ!"