በሐዋሳ ፊላ ውስጥ የሚሰወረውን ወፍ እንዴት አየሁት

በሐዋሳ ሐይቅ ዙሪያ ያሉትን አእዋፍ መመዝገብ ስጀምር፣ በሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ ወደ አሞራ ገደል የሚመጣ እንግዳ ሁሉ እንደሚያደርገው ዓይኔ የሚያርፈው የዓሣ ትርፍራፊ በሚጠባበቁት አባ ኮዳዎች ላይ ነበር። ከዚያው ዳርቻ ፊላና ቄጠማ ውስጥ ግን ክብደቱ 15 ግራም ገደማ የሆነ፣ በሳይንሳዊ መጠሪያው ብራዲፕተረስ ባቦኤካላ የሚባል ቡናማ ወፍ ይኖራል። ለማየት የበቃሁት በጆሮዬ እየተመራሁ ነው።

ዜማውን አንዴ የለመደ ሰው ከሌላ አያምታታውም። መጀመሪያ የተራራቁ ደረቅ ድምፆች ያሰማል፤ ከዚያ እየፈጠነ ሄዶ፣ አንድ ልጅ እየሮጠ ዱላውን በቆርቆሮ አጥር ላይ ሲጎትት እንደሚሰማው ይሆናል። አንዳንዴም ዝቅ ብሎ አጭር በረራ ሲያደርግ የክንፎቹ ርግብግቢት ለብቻው ይሰማል። ነፋስ ፊላውን ካንሿሿው ይህ ሁሉ ስለሚዋጥ የምሄደው ጎህ ሲቀድ ነው።

ድምፁን ከሰማሁ በኋላ ወደ ውስጥ አልገባም፤ ሐይቁ ጉማሬ አለበት፣ ወፉም ቢሆን ሲደነግጥ ከመብረር ይልቅ በአገዳዎቹ ሥር ሾልኮ ይሰወራል። ይልቁንም በፊላው መካከል ጠባብ ክፍተት መርጬ ዝቅ ብዬ እቀመጥና አቅራቢ መነጽሬን ከውኃው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ባለው ቦታ ላይ አነጣጥራለሁ። ጀማሪዎች የሚያዩት ወደ አገዳው ጫፍ ነው፤ እዚያ ወጥቶ የሚዘምረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ደረቱ ነጣ፣ ምንቃሩ ረዘም ያለው ሌላ የፊላ ወፍ፣ በሳይንሳዊ መጠሪያው አክሮሴፋለስ ግራሲሊሮስትሪስ ነው። የእኛው ወፍ ጠቆር ያለ ሲሆን ደረቱ ላይ ደብዘዝ ያሉ ሰረዞች አሉት፤ ክፍተቱን ሲሻገር ጎልቶ የሚታየውም ሰፊና ጫፉ ክብ የሆነው ጅራቱ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ትናንሽ የሸምበቆ ወፎች ስለሚቀላቀሉ፣ ከዓይኑ በላይ ደማቅ ነጣ ያለ መስመር ያለው ከታየ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም።

የተቀዳ ድምፅ አሰምቼ ወፉን እንዳወጣው የሚመክሩኝ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ተባዕቱ ክልሉን የሚጠብቅ በመሆኑ ባላንጣ የገባበት መስሎት ይወጣል፣ ጊዜውንም በከንቱ ይጨርሳል። ጎጆው ከፊላ ቅጠልና ከሣር የተሠራ ጎድጓዳ ሲሆን ከመሬት ወይም ከውኃ ብዙም አይርቅም፤ ሴቷም አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 3 እንቁላል ትጥላለች። ስለዚህ ነፍሳት በምንቃሩ ይዞ ሲመላለስ ካየሁ ወዲያውኑ ከቦታው እርቃለሁ፤ በማስታወሻዬም ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሰማሁትን ብቻ እጽፋለሁ እንጂ ጎጆው ያለበትን ለማንም አላመለክትም።