ኤችፒ የሚባል ሰው

የወሩ መጨረሻ ነው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለችው የብሎኬት ማምረቻችን የስቶኩን ኤክሴል ልከፍት ስል፣ ፋይሉን «ኤችፒ» ይዞታል የሚል መልእክት ብቅ አለ። ምርጫው ሦስት ነው፦ ሪድ ኦንሊ፣ ኖቲፋይ፣ ካንስል። ኖቲፋይን ተጫንኩ። እስከዚያው ለማንበብ ብቻ ይከፍትልኛል፤ ያዡ ሲለቅ ደግሞ ይነግረኛል።

ካሸሯን ጠየቅኳት፣ ዘግታለች። የሽያጭ ልጁም ዘግቷል። በር ላይ ወዳሉት ጥበቃ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ስቶኩ ተቆልፎብኝ ነው።»

«ስቶሩማ ተቆልፏል ልጄ። ቁልፉን ይዛ ዱከም ለቅሶ ሄዳለች።»

«ስቶሩን አላልኩም፣ ፋይሉን ነው። ኤችፒ የሚባል ሰው ይዞታል።»

መዝገባቸውን ገልጠው በጣታቸው እስከ ታች ወረዱ። «እንዲህ የሚባል ሰው ዛሬ አልገባም።»

ስሙ ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ኤክሴል ፋይል ሲከፍት እዚያው ፎልደር ውስጥ በ~$ የምትጀምር የተደበቀች ፋይል ይፈጥራል። 165 ባይት ብቻ ናት፤ የከፋቹን ስም ትይዛለች። ስሙን የሚወስደው ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ጄኔራል ውስጥ ዩዘር ኔም ከሚለው ቦታ ነው። የኛን አራት ኮምፒውተሮች ያዘጋጀው «ባለሙያ» አራቱንም ኤችፒ ብሎ አልፏቸዋል። ባለሙያው ማን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

መብራት ድንገት ሲጠፋ ይህቺ ትንሽ ፋይል ሳትሰረዝ ልትቀርና የሞተ ሰው ፋይል እንደያዘ ልታስመስል ትችላለች። መለየቱ ቀላል ነው፦ ፎልደሩ ላይ ቪው ገብታችሁ ሂደን አይተምስን አብሩና ~$ ያለባትን ለማጥፋት ሞክሩ። ከጠፋች ትርፍራፊ ነበረች። ዊንዶውስ «ክፍት ናት» ብሎ እምቢ ካለ ግን ሰውየው በሕይወት አለ።

እምቢ አለኝ።

ፋይሉ የሚቀመጠው ካሸሯ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ እዚያ ሄጄ ስታርትን በቀኝ ተጫንኩ፤ ኮምፒውተር ማኔጅመንት፣ ሼርድ ፎልደርስ፣ ኦፕን ፋይልስ። ማን ምን እንደከፈተ ይዘረዝራል፣ ከዚያው መዝጋትም ይቻላል፤ ግን የዚያኛው ሰው ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ሊጠፋ ይችላል። ተጠቃሚው አሁንም ኤችፒ ነው። ሴሽንስ የሚለውን ስከፍት ግን የኮምፒውተሩ አድራሻ መጣ፤ መጨረሻው 7። ሳይነካ የቆየበት ጊዜም ተጽፏል፦ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ።

7 ቁጥር የስቶሩ ላፕቶፕ ነው።

ጠዋት የገባውን ሲሚንቶ ልመዘግብ እዚያ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሻይ ሲጠሩኝ ሳልዘጋ ወጣሁ። ላፕቶፑ ከሶኬት ጋር እስካለ ድረስ እንዳይተኛ ያስተካከልኩትም እኔ፣ አራቱንም ኤችፒ ያልኩትም እኔ። ራሴን ፋይሉን እንድለቅ ኖቲፋይ ተጭኜ ስጠብቅ ነበር። በኃይል እንዳልዘጋው ደግሞ ሴቭ ያልተደረገው 40 መስመር የገዛ ሥራዬ ነው።

እኔ ወንጀለኛ ሳሳድድ ሌላው ሥራ አልፈታም። ሁሉም በሪድ ኦንሊ ከፍቶ በራሱ ስም ሴቭ አደረገ፦ «ስቶክ አዲስ»፣ «ስቶክ ትክክለኛው»፣ የአለቃችን ደግሞ «ስቶክ በቃ»። የባለ 20 ብሎኬት ብዛት በሦስቱም የተለያየ ነው። ዋንድራይቭ በሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ ብናስቀምጠው አራታችንም አንድ ላይ እንጽፍበት ነበር፤ በተራ ሼር ፎልደር ግን እንዲያ በቀላሉ አይሆንም። ግን የኛ ሰፈር ኢንተርኔትም እንደ መብራቱ ነው።

ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ስቶር ኪፐሯ ተመለሰች። በሩ ተከፈተ፣ 40ውን መስመር ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት። ቢሮ ስመለስ ስክሪኔ ላይ «ፋይሉ አሁን ነጻ ነው» የሚል መልእክት ይጠብቀኛል።

ማታ ስወጣ ጋሼ መዝገቡን እንደያዙ አስቆሙኝ።

«ያ ኤችፒ ያልሽው ሰው፣ ወጥቷል ብዬ ልጻፈው?»